ፌዴሪኮ ቴዚዮ፤ የዶርሜሎው ፈረስ አርቢ

ዘር ከልጓም ይስባል የሚለው ብሂል በአብዛኛው የሚነገረው ስለ ሰው ቢሆንም ምሳሌው የተወሰደው ከፈረስ ነው። ጋላቢው ልጓሙን ቢጨብጥ፣ ባልደራሱም በሚገባ ቢያሠለጥን፣ በመጨረሻው ሰዓት ፈረሱን የሚስበው ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰው ጠባይ ነው ለማለት ነው። ይህ አሳብ በብዙ ሰው አፍ ሲነገር ኖሯል። እውነትነቱንና ወሰኑን በሥራ ለመፈተን ዕድሜውን በሙሉ የሰጠ ሰው ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ቴዚዮ ነበር። ቴዚዮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1898 እስከ 1954 ድረስ፣ ማለትም 56 ዓመት ያህል፣ በሰሜን ጣሊያን በማጆሬ ሐይቅ ዳር የእሽቅድምድም ፈረስ አርብቷል። ባዝሮቹ ከአንድ ደርዘን ብዙም አይበልጡም ነበር። ሀብቱም ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ታላላቅ አርቢዎች ሀብት ጋር የሚስተካከል አልነበረም። የሆነ ሆኖ ዛሬ በዓለም ሜዳዎች የሚሮጠው የእሽቅድምድም ፈረስ፣ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ በዚህ ሰው ጋጣ ካደጉ ፈረሶች የሚወርድ ደም አለበት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዘሩ መነሻ

የቴዚዮን ሥራ ለመመዘን በመጀመሪያ ስለ ፈረሱ ዘር ጥቂት ማወቅ ያሻል። እንግሊዞች ቶሮብሬድ፣ ጣሊያኖች ደግሞ ፑሮ ሳንጉዌ፣ ማለት ንጹሕ ደም፣ ብለው የሚጠሩት ፈረስ በ17ኛውና በ18ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ አገር የተገኘ ነው። የአገሩ ባዝሮች ከምሥራቅ ከመጡ ድንጉላዎች ጋር ተዳቅለው ዘሩ ተፈጠረ። በአባት በኩል ሲቆጠር የዛሬው ዘር በሙሉ ባየርሊ ተርክ፣ ዳርሊ አራቢያንና ጎዶልፊን አራቢያን ከሚባሉ ሦስት ድንጉላዎች ይወርዳል። በ1791 የዘሩ መዝገብ መታተም ስለ ጀመረ፣ እናትና አባቱ በመዝገብ ያልሰፈሩ ፈረስ በዚህ ስም ሊጠራ አይችልም። ለእርባታ የሚመረጠውም በመልኩና በቁመናው ሳይሆን በሩጫው ነው። በ1780 የተጀመረው የኤፕሶም ደርቢና እርሱን የመሰሉ ታላላቅ ውድድሮች ዋና ጥቅማቸው ይኸው ነበር፤ የአንድ ዓመት ተወላጆችን በአንድ ሜዳ አሰልፎ የትኛው ለዘር እንደሚበቃ መለየት።

ጣሊያን በፈረስ እርባታ ጥንታዊ ስም ያላት አገር ናት። በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት የናፖሊ ፈረስ በየቤተ መንግሥቱ ይፈለግ ነበር፤ የዛሬው የሊፒዛ ነጭ ፈረስም በከፊል የናፖሊ ደም አለው። በእሽቅድምድም ፈረስ ግን ጣሊያን ዘግይታ የገባች እንግዳ ነበረች። የሮማ ደርቢ የተጀመረው በ1884 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ጥሩ ፈረስ ማለት ከእንግሊዝ የመጣ ፈረስ ማለት ነበር። ቴዚዮ ወደ ሥራው የገባው በዚህ ሁኔታ ነው።

ከቱሪን እስከ ማጆሬ ሐይቅ

ፌዴሪኮ ቴዚዮ በ1869 በጥር ወር በቱሪን ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ በሞንካሊየሪ በሚገኘው የባርናባውያን መነኮሳት ትምህርት ቤት አደገ። ከዚያም በፈረሰኛ ጦር ውስጥ መኮንን ሆኖ አገለገለ፤ በእሽቅድምድም ሜዳም ራሱ እየጋለበ ተወዳደረ። ይህ ልምድ በኋላ ለሥራው ትልቅ መሠረት ሆነለት። ፈረስ ሲደክም፣ ሲፈራ፣ ሲበረታ ምን እንደሚሰማው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከኮርቻው ላይ ተምሯልና። ወደ ሩቅ አገሮች ተጉዞም በአርጀንቲና ሰፊ ሜዳዎች በመንጋ የሚኖሩ ፈረሶችን የማየት ዕድል አግኝቷል።

በ1898 ሊዲያ ፊዮሪ ዲ ሴራሜዛናን አገባ፤ በዚያው ዓመትም በፒዬሞንቴ ክፍለ ሀገር፣ ከአሮና ከተማ አጠገብ፣ በማጆሬ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የዶርሜሎን የፈረስ እርባታ አቋቋመ። ሊዲያ ለስም ብቻ የአርቢ ሚስት አልነበረችም። የእያንዳንዱን ፈረስ የዘር ሐረግና ታሪክ ትመዘግብ፣ ስለ ባዝሮቹ ምርጫም ከባሏ ጋር ትመክር ነበር። ከዶርሜሎ የወጡ ፈረሶች አብዛኛውን ጊዜ በሠዓሊዎችና በቅርጻ ቅርጽ ባለሙያዎች ስም መጠራታቸው ባልና ሚስቱ ለሥነ ጥበብ የነበራቸውን ፍቅር ያሳያል። ጉዊዶ ሬኒ የተባለው ፈረስ በ1911 የሮማን ደርቢ አሸንፎ ለዶርሜሎ የመጀመሪያውን ታላቅ ድል አስገኘ። ከዚያ በኋላ ቴዚዮ ያረባቸው ፈረሶች ይህን ውድድር ከ20 ጊዜ ላላነሰ አሸንፈዋል።

የዶርሜሎ አሠራር

ለመሆኑ አንድ አነስተኛ አርቢ እንዲህ ያለ ውጤት ሊያገኝ የቻለው እንዴት ነው? የቴዚዮ አሠራር በጥቂት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል።

የመጀመሪያው የባዝራ ምርጫ ነው። ገንዘቡ ውስን ስለነበረ በዘመኑ የተደነቁትን ባለ ድል ባዝሮች ለመግዛት አይችልም። ስለዚህ በኒውማርኬት ገበያ ሌሎች የናቋትን፣ ነገር ግን እናቷና አያቷ ታላላቅ ውድድር ያሸነፉ ባዝራን ይፈልግ ነበር። ራሷ በሜዳ ባትሳካ እንኳ የወረሰችው ነገር በልጆቿ ሊታይ ይችላል የሚል እምነት ነበረው።

ሁለተኛው የድንጉላ አጠቃቀም ነው። ብዙ አርቢ አንድ ጥሩ ድንጉላ ሲያገኝ በጋጣው አስቀምጦ፣ ተስማማም አልተስማማ፣ ባዝሮቹን ሁሉ በእርሱ ያስጠቃል። ቴዚዮ ይህን ፈተና ለመሸሽ ሲል የራሱን ድንጉላዎች በብዛት አይጠቀምም ነበር። ለእያንዳንዷ ባዝራ የሚስማማውን ድንጉላ በመዝገብ አጥንቶ ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ ፈረንሳይ ይልካታል። ወጪው ከባድ፣ ጉዞውም አድካሚ ነበር። ምርጫው ግን በቅርበትና በምቾት ሳይሆን በዘር ጥናት ላይ የቆመ ሆነ።

ሦስተኛው የግጦሽና የአያያዝ ጉዳይ ነው። ቴዚዮ ፈረስ በተፈጥሮው ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር እንስሳ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ፈረሶቹን በአንድ ሰፊ መስክ ከማጎር ይልቅ በተለያዩ አነስተኛ እርሻዎች ከፋፍሎ ያሰማራ ነበር። በ1932 ማርኬዝ ማሪዮ ኢንቺዛ ዴላ ሮኬታ በሽርክና ሲገባ በሮማ አጠገብ ያለው የኦልጃታ ርስት ተጨመረ፤ ከዚያ ወዲህ ውርንጭሎቹ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ክረምቱን በሞቃቱ አገር ለማሳለፍ ቻሉ። ለእንስሳት ሐኪም የዚህ አያያዝ ጥቅም ግልጽ ነው። ፈረስ ተጨናንቆ በአንድ መስክ ሲከርም የሆድ ትል ይበዛበታል፤ መስኩ እያረፈ ሲጋጥ ግን ሣሩም ጤናውም ይሻሻላል።

አራተኛውና ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠው ፍርዱ ነው። ቴዚዮ አርቢ ብቻ ሳይሆን የራሱ ፈረሶች ባልደራስም ነበር። ባዝራዋንና ድንጉላውን የሚመርጠው፣ ውርንጭላውን የሚያሳድገው፣ በኋላም አሠልጥኖ ወደ ሜዳ የሚያወጣው አንድ ሰው ስለሆነ፣ ለሽንፈት ሌላ ተጠያቂ አልነበረም። ፈረሶቹን በረዥም ርቀትና በብርቱ ተቃዋሚዎች ፊት ይፈትን ነበር። የወደደው ፈረስ ቢሸነፍ ሜዳው የሰጠውን ፍርድ በፍቅር አይሽርም።

ካትኒፕ፣ ኖጋራ፣ ኔያርኮ

የዚህ አሠራር ፍሬ ከሁሉ ይልቅ በአንድ ቤተሰብ ታየ። በ1915 የአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን የፈረስ ገበያ አቀዝቅዞት ሳለ፣ ቴዚዮ በኒውማርኬት ካትኒፕ የምትባል ባዝራ በ75 ጊኒ፣ ይኸውም 79 ፓውንድ በማይሞላ ዋጋ፣ ገዛ። ካትኒፕ በሩጫ ይህ ነው የሚባል ስም አልነበራትም። ነገር ግን እናቷ ሲቦላ በ1899 በእንግሊዝ አንድ ሺህ ጊኒ የተባለውን የባዝሮች ታላቅ ውድድር ያሸነፈች ናት። ገበያተኛው ያየው ካትኒፕን ነው፤ ቴዚዮ ያየው ሲቦላን ነው።

ካትኒፕ ሃቭሬሳክ ዳግማዊ ከሚባለው ድንጉላ በ1928 ኖጋራን ወለደች። ኖጋራ በሰውነቷ ቀለል ያለች፣ በሩጫ ግን ፈጣን ነበረች፤ በጣሊያን ሁለቱን የጊኒ ውድድሮች አሸነፈች። ቴዚዮ ለእርሷ የፈለገው ድንጉላ ፌርዌይ የሚባለው የእንግሊዝ ፈረስ ነበር። ይሁን እንጂ በፌርዌይ ለማስጠቃት ቦታ ስላላገኘ፣ በፈረንሳይ ወደሚገኘው የፌርዌይ ወንድም ወደ ፋሮስ ላካት። ከዚህ ሁለተኛ ምርጫ በጥር ወር 1935 ኔያርኮ ተወለደ።

ኔያርኮ 14 ጊዜ ሮጦ 14 ጊዜ አሸነፈ። በ1938 የሮማን ደርቢና የሚላኖን ታላቅ ሽልማት ካሸነፈ በኋላ፣ ቴዚዮ ወደ ፓሪስ ይዞት ሄደ። የፓሪስ ታላቅ ሽልማት ያን ጊዜ 3,000 ሜትር ይሮጥበት የነበረ ውድድር ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ደርቢ አሸናፊ ቧ ሩሰልና የፈረንሳይ ደርቢ አሸናፊ ሲያስ ተሰልፈው ነበር። ቴዚዮ ከአንድ ዓመት በፊት በዚሁ ሜዳ መራራ ነገር ቀምሷል። ከዚያ በፊት ተሸንፎ የማያውቀው ዶናቴሎ ዳግማዊ በፓሪስ ሁለተኛ ወጥቶበት ነበርና። በሰኔ 26 ቀን 1938 ግን ኔያርኮ ሁለቱንም የደርቢ አሸናፊዎች አስከትሎ መጀመሪያ ገባ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቴዚዮ ኔያርኮን ለእንግሊዛዊው ማርቲን ቤንሰን በ60,000 ፓውንድ ሸጠው። ይህ በዚያን ጊዜ ለአንድ ድንጉላ ከተከፈለው ዋጋ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሽያጭ እንደ ችኮላ ይቆጥረው ይሆናል። ነገር ግን ዶናቴሎም ከአንድ ዓመት በፊት በተመሳሳይ ሁኔታ ወደ እንግሊዝ ተሸጦ ነበር። ለአነስተኛው እርባታ ምርጡን ፈረስ መሸጥ የሌሎቹ ሕልውና ነው። ከዚህም በላይ በጋጣው የቆመ ታላቅ ድንጉላ አርቢውን ባሪያው እንዳያደርገው የሚያሠጋ መሆኑን ቴዚዮ ያውቅ ነበር። ኖጋራ ግን በዶርሜሎ ቀረች። ከእንግሊዙ የደርቢ አሸናፊ ከኮሮናክ የወለደችው ኒኮሎ ዴላርካም በ1941 የሮማን ደርቢ አሸነፈ።

ኔያርኮ በኒውማርኬት ቆሞ ዘሩን ሲያበዛ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ከአውሮፕላን ቦምብ የሚጠለልበት ምሽግም ለብቻው ተሠራለት። በ1947ና በ1949 በእንግሊዝና በአየርላንድ ልጆቹ ከሁሉ የበለጠ ሽልማት ያሸነፉለት ድንጉላ ሆነ። በ1957 ሲሞት ናስሩላህ፣ ሮያል ቻርጀርና ኔያርክቲክ የሚባሉ ልጆቹ ዘሩን ወደ አሜሪካ አሻግረውት ነበር። በ1973 የአሜሪካን ሦስት ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው ሴክሬታሪያት ከናስሩላህ ይወርዳል። በጃፓን የፈረስ እርባታን የለወጠው ሰንዴይ ሳይለንስ ከሮያል ቻርጀር፣ በ1964 የኬንታኪን ደርቢ ያሸነፈው ኖርዘርን ዳንሰር ደግሞ ከኔያርክቲክ የወጣ ነው።

አርቢው እንደ ተመራማሪ

ቴዚዮ በ1939 የጣሊያን መንግሥት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተሾመ። ያ የፋሺስት አገዛዝ ዘመን እንደ ነበረ አይዘነጋም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1947 የረዥም ዘመን አሳቡን በመጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ ርእስ ንጹሑን ደም የሙከራ እንስሳ ብሎ ይጠራዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከቤት እንስሳት መካከል የዚህን ፈረስ ያህል ከ150 ዓመት በላይ እያንዳንዱ ልደቱ፣ ቀለሙና የሩጫ ውጤቱ የተመዘገበለት አልነበረም። የውርስን ሕግ ለሚያጠና ሰው እንዲህ ያለው መዝገብ ከወርቅ ይበልጣል።

በመጽሐፉ ውስጥ ጸንቶ የቆመም፣ ጊዜ የሻረውም አሳብ አለ። አምባላይ ፈረስ እናቱ ወይም አባቱ አምባላይ ካልሆኑ ሊወለድ እንደማይችል፣ ቀለሙ በአንድ ትውልድ ከተቋረጠም ከዚያ መስመር ተመልሶ እንደማይመጣ ከመዝገቡ አሳይቷል። ይህ ከሜንዴል ሕግ ጋር የሚስማማ ነው። ከዚህ አልፎ ግን አምባላይነት ቀለም ሳይሆን በሽታ ነው እስከ ማለት ደረሰ። በ2008 የወጣ ጥናት አምባላይነት ከአንድ የጂን ለውጥ እንደሚመጣ አረጋግጧል፤ ይኸው ለውጥ ፈረሶቹን ለቆዳ ዕጢ እንደሚያጋልጥም አሳይቷል። ስለዚህ ቴዚዮ ቀለሙን በሽታ ማለቱ ስሕተት ቢሆንም፣ ከቀለሙ ጋር የሚሄድ የጤና ጉዳይ መኖሩ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

በሌላ በኩል ሲኞሪኔታ የምትባለው ባዝራ በ1908 በኤፕሶም ደርቢውንና የባዝሮቹን ውድድር በሁለት ቀን ልዩነት ማሸነፏን፣ እናቷና አባቷ ተፈላልገው ከመገናኘታቸው ጋር ለማያያዝ መሞከሩ ማስረጃ የለውም። ወላጆች በሚገናኙበት ሰዓት ያላቸው ስሜት ወደ ልጅ ይተላለፋል የሚለውን ሳይንስ አልተቀበለውም። ስለዚህ የቴዚዮን ታላቅነት በንድፈ አሳቡ ሳይሆን በሥራው መመዘን ይገባል። በንድፈ አሳቡ ሲሳሳት እንኳ ፈረሱን ወደ ሜዳ አውጥቶ ያስፈርድ ነበርና፣ ስሕተቱ በእርባታው ላይ ሥር አልሰደደም።

ሪቦ

በቴዚዮ የመጨረሻ ዓመታት በዶርሜሎ ስም አንድ አነስተኛ ውርንጭላ ተወለደ። አያቱ ቤሊኒ፣ ቅድመ አያቱም ካቫሊየሬ ዳርፒኖ ነበሩ። ካቫሊየሬ ዳርፒኖ አምስት ጊዜ ብቻ ሮጦ ያልተሸነፈ፣ ቴዚዮም እጅግ ያደንቀው የነበረ ፈረስ ነው። የቤሊኒ ልጅ ቴኔራኒ የ1947 የሮማ ደርቢ አሸናፊ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ለእርባታ ቆሞ ሳለ ከሮማኔላ በየካቲት 1952 ሪቦን ወለደ። ውርንጭላው በጣም ትንሽ ስለነበረ በጋጣው ትንሹ እያሉ ይጠሩት ነበር። ለሮማ ደርቢ በሚደረገው ቅድመ ምዝገባም ስሙ አልገባም። ፈረስን በዐይኑ ሲመዝን የኖረው ዶርሜሎ የሪቦን ቁመት እንጂ አቅሙን ገና አላየም ነበር።

ፌዴሪኮ ቴዚዮ በግንቦት 1 ቀን 1954 በ85 ዓመቱ ዐረፈ። ሪቦ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሽቅድምድም ሜዳ የታየው ከሁለት ወር በኋላ በሐምሌ ነው። ከዚያ በኋላ ኤንሪኮ ካሚቺ እየጋለበው 16 ጊዜ ሮጦ 16 ጊዜ አሸነፈ። ከነዚህም መካከል በ1955ና በ1956 በተከታታይ ያሸነፈው በፓሪስ የሚደረገው የአርክ ደ ትሪዮምፍ ሽልማትና በ1956 በአስኮት ያሸነፈው የንጉሥ ጆርጅና የንግሥት ኤልሳቤጥ ውድድር ይገኛሉ። በኋላ በ1959 ለተወሰነ ዘመን በኪራይ ወደ አሜሪካ ተላከ። ጠባዩ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ መልሶ ማጓጓዙ አደጋ አለው ተብሎ በዚያው ቀረና በ1972 ሞተ። ልጓም የማይገታው ጠባዩ ከአገሩ እንዲቀር አደረገው።

የተወው ውርስ

የቴዚዮ ውጤት አንድ ጥያቄ አስከትሏል። ጥያቄውም ዛሬ የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎችን ሁሉ ይመለከታል። እርሱ ሊያሸንፍ የቻለው በዘመኑ በዘሩ ውስጥ ልዩ ልዩ መስመሮች ስለነበሩና ለእያንዳንዷ ባዝራ የተለየ ድንጉላ መምረጥ ስለቻለ ነው። ኔያርኮ ግን በጣም ስለ ተሳካ ዘሩ የሌሎቹን ቦታ እየያዘ ሄደ። በ2020 የወጣ ከ10,000 በላይ ቶሮብሬድ ፈረሶችን የመረመረ ጥናት፣ ባለፉት 50 ዓመታት የሥጋ ዘመዶች መዳቀል እየጨመረ መምጣቱን አሳይቷል። ከተመረመሩት ፈረሶች 97 በመቶ የሚሆኑት የኔያርኮ የልጅ ልጅ የሆነው ኖርዘርን ዳንሰር በዘር ሐረጋቸው ውስጥ ተገኝቷል። በዘመናችን አንድ ድንጉላ በአንድ የእርባታ ወቅት ከ100 በላይ ባዝሮችን ማጥቃቱ የተለመደ ሆኗል። በፍጥነት የተገኘው ትርፍ የዘሩን ስፋት እያጠበበ ነው ማለት ነው።

ይህ ጉዳት የቴዚዮን አሠራር ከመከተል የመጣ አይደለም፤ ከመዘንጋቱ የመጣ ነው። እርሱ ታላላቅ ድንጉላዎቹን ሸጦ ባዝሮቹን ወደ ልዩ ልዩ ቦታ ሲልክ፣ የኋለኞቹ አርቢዎች የእርሱን ፈረስ ዘር በየጋጣቸው አከማቹ። የገበያ ዋጋ የሚከተለው የዕለቱን አሸናፊ ነው። ካትኒፕን በ75 ጊኒ ያስገዛው ግን ገበያው ችላ ያለው መስመር በመዝገብ ተጠብቆ መቆየቱ ነበር። ለወደፊቱ አርቢ ሌላ ካትኒፕ ትገኝለት እንደሆነ የሚወሰነው፣ ዛሬ በገበያ ያልተወደዱት መስመሮች ሳይጠፉ በመቆየታቸው ነው።